የአይስክሬም ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ፍሪዘርዎን ይለኩ

ለቤት የሚሆን የአይስክሬም ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በማሽኑ መልክ፣ በቁልፎቹ ብዛትና በዋጋው ላይ ነው። ማሽኑ ግን ምንም ያህል ቢያምር ሥራው ሁለት ብቻ ነው፤ የወተቱንና የክሬሙን ውህድ በፍጥነት ያቀዘቅዛል፣ እያቀዘቀዘም ያለማቋረጥ ያማስላል። ማማሰሉ ርካሹንም ውዱንም አያቅተውም። ልዩነቱ የሚመጣው ማሽኑ ቅዝቃዜውን ከየት ያገኛል በሚለው ላይ ነው። በብዙ ቤቶች የሚገኘው አነስተኛ ማሽን ደግሞ የራሱ ቅዝቃዜ የለውም፤ ከቤቱ ፍሪዘር ይበደራል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት መመርመር ያለበት ፍሪዘሩ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያውን ማሽኔን ቤት ካደረስሁ በኋላ ውህዱ የሚማሰልበትና አስቀድሞ በፍሪዘር መቀዝቀዝ ያለበት ጎድጓዳ በሁለት ጣት ያህል በልጦ በፍሪዘሬ መሳቢያ ውስጥ አልገባ አለኝ፤ ቦታ ለማግኘት አንዱን መሳቢያ ጨርሼ እስካወጣ ድረስም ማሽኑ ከነካርቶኑ አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ፍጥነት ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት የምርጫውን ግማሽ ያቀላል። አይስክሬም እንዲሁ የቀዘቀዘ ወተት አይደለም፤ ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች፣ የስብ ጠብታዎች፣ የአየር አረፋዎችና በውስጡ ካለው ስኳር ብዛት የተነሳ ፈጽሞ ያልረጋ ወፍራም ሽሮፕ የተሳሰሩበት ነገር ነው። ውህዱ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ የበረዶ ቅንጣቶቹ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ፤ መጠናቸው ከ50 ማይክሮን ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ እጅ፣ ሲያልፍ ምላስ ለይቶ ያውቃቸዋልና አይስክሬሙ አሸዋ አሸዋ ማለት ይጀምራል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቶቹ በቁጥር በዝተው፣ በመጠን ደቅቀው ይቀራሉ። የማሽኑ ማማሰያ በጎድጓዳው ግድግዳ ላይ የሚረጋውን ስስ በረዶ እየፋቀ ወደ መሃል ይመልሰዋል፣ በዚያውም አየር ያስገባል። በፋብሪካ ከሚመረተው አይስክሬም አንዳንዱ እስከ ግማሽ መጠኑ ድረስ አየር ሲሆን የቤት ማሽን የሚያስገባው አየር ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ ቤት የተሠራ አይስክሬም በጥቂቱ የሚያጠግበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

የጥንቱ ዘዴ በረዶና ጨው ነው። ናንሲ ጆንሰን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1843 በእጅ ለሚዞር የአይስክሬም ማሽን የፈጠራ መብት አግኝታለች። በዚህ ዓይነቱ ማሽን ውህዱን የያዘው የብረት ጣሳ በባልዲ ውስጥ ይቀመጥና ዙሪያው በተከሰከሰ በረዶና በጨው ይሞላል። ጨው በረዶውን እያቀለጠ ሲሄድ መቅለጡ ራሱ ከአካባቢው ሙቀት ስለሚስብ፣ ጨውና በረዶው በተገቢው መጠን ከተዋሃዱ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ዛሬም በሞተር የሚዞሩ የባልዲ ማሽኖች ይሸጣሉ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ስለሚሠሩ ሰው ለሚበዛበት ቤት መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ በረዶ ማዘጋጀቱና በመጨረሻ ጨዋማውን ውሃ መድፋቱ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የሚወደድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛውና በብዛት የሚገዛው ጎድጓዳው አስቀድሞ በፍሪዘር የሚቀዘቅዝ ማሽን ነው። የጎድጓዳው ግድግዳ ድርብ ሲሆን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቅዝቃዜን አምቆ የሚይዝ ፈሳሽ ታሽጎበታል። ማሽኑ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ትንሽ ሞተር ብቻ ስለሆነ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። ዋናው ግዴታው ጎድጓዳው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ከ16 እስከ 24 ሰዓት መቆየት ያለበት መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ ለሁለተኛ ዙር እንደገና ያን ያህል ሰዓት ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት ጣዕም በአንድ ቀን መሥራት የሚሻ ሰው ተጨማሪ ጎድጓዳ ለብቻው የሚሸጥለትን ማሽን ይምረጥ፤ ይህም ሁለቱንም የሚያስገባ ፍሪዘር ካለው ነው።

እንግዲህ ሜትር ወይም ማስመሪያ ይዘው ወደ ፍሪዘሩ ይሂዱ። የመሳቢያውን ወይም የመደርደሪያውን ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት ይለኩ፤ የሚለካውም በሩ በትክክል ተዘግቶ የሚቀረው ቦታ ነው። ጎድጓዳው ሳይጋደም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከጎኑ ከተጋደመ ፈሳሹ ወደ አንድ ወገን አድልቶ ይረጋና የጎድጓዳው አንዱ ግድግዳ በደንብ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይቀራል። ከዚያም የማሽኑ መግለጫ ላይ ያለውን የጎድጓዳውን ልክ፣ የማሽኑን ሳይሆን የጎድጓዳውን ብቻ፣ ፈልገው ያስተያዩ። የፍሪዘሩንም ቅዝቃዜ መፈተሽ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር በምግቦቹ መካከል አሳድረው ጠዋት በሩን እንደከፈቱ ወዲያው ያንብቡት፤ ከዜሮ በታች 18 ካልደረሰ ማስተካከያውን ይበልጥ ወደሚያቀዘቅዘው ወገን አዙረው በማግስቱ እንደገና ያንብቡ። በትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ያለችው የበረዶ ቤት፣ ሥጋ ብታጠነክርም፣ ብዙ ጊዜ እዚህ ደረጃ አትደርስም፤ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ብቻ ላለው ሰው ይህን ማሽን አልመክርም።

ሦስተኛው ኮምፕረሰር ያለው ማሽን ነው። ይህ የራሱን ቅዝቃዜ የሚያመነጭ ትንሽ ፍሪዘር ስለሆነ ጎድጓዳ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም፤ ውህዱ በፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ከተዘጋጀ አንዱን ዙር ጨርሶ ወዲያው ሌላውን መጀመር ይቻላል። ለዚህ ምቾት የሚከፈለው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ ግራም ይበልጣል፣ ከቁም ሳጥን በየጊዜው እያወጡ የሚመልሱት ዕቃ አይደለም፣ አየር የሚያስወጣባቸው ጎኖቹም ከግድግዳ ራቅ ማለት አለባቸው። በማጓጓዝ ጊዜ ተጋድሞ ከሆነ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው አምራቹ የጠቀሰውን ያህል ሰዓት ሳይቆይ አያብሩት፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ ይኖርበታል። ሲመርጡ በተለይ አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ጎድጓዳው ወጥቶ የሚታጠብ ነው ወይስ ከማሽኑ ጋር የተጣበቀ? የተጣበቀው ቅዝቃዜን በተሻለ ያስተላልፋል፣ ነገር ግን 12 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ገንዳ ውስጥ ገብቶ ስለማይታጠብ በስፖንጅ እየነከሩ መጥረግ ግድ ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ አይስክሬም ለሚሠራ ሰው ኮምፕረሰር ያለው ማሽን ቦታ ይዞ የሚውል ጌጥ ነው፤ በየሳምንቱ ለሚሠራና ፍሪዘሩ ሁልጊዜ ለሚጨናነቅበት ቤት ግን ገንዘቡን ያወጣል።

ከእነዚህ የሚለየው አራተኛው ዓይነት አያማስልም፣ ይፈጫል። ውህዱ በማሽኑ ኩባያ ተሞልቶ 24 ሰዓት ያህል በፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ይቆያል፤ ከዚያ በፍጥነት የሚሽከረከር ስለት ከላይ ወደ ታች እየወረደ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍቆ ያለሰልሰዋል። የበረዶው ቅንጣት የሚደቅቀው በፍጥነት በመቀዝቀዝ ሳይሆን በስለቱ ስለሆነ ስብና ስኳሩ ያነሰ ውህድ እንኳ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ ከጤና ወይም ከምርጫ የተነሳ ስኳር ለሚቀንስ ሰው ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው። ድምፁ ግን ከባድ ነው፤ ኩባያውም ትንሽ ነው። ከዚህ ሌላ በኬክ መምቻ ማሽን ላይ የሚገጠም የአይስክሬም ጎድጓዳም አለ፤ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር አንድ ነው፣ ሞተሩን ብቻ ይቆጥባል።

በማስታወቂያ የሚጻፈው የሊትር ቁጥር ያሳስታል። አንዳንዱ አምራች የጎድጓዳውን ሙሉ መጠን ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ ተሠርቶ የሚወጣውን የአይስክሬም መጠን። ውህዱ አየር ሲገባበት ስለሚያብጥ 1.5 ሊትር ለሚይዝ ጎድጓዳ 1 ሊትር ያህል ውህድ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሞላ ሰው አይስክሬሙን በክዳኑ ቀዳዳ ሲወጣ ያየዋል። ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ መጠን ይበቃል። በተረፈ የጊዜ መቁጠሪያው፣ የስክሪኑና የሙዚቃው ነገር ለምርጫ የሚበቃ አይደለም፤ ክዳኑ ላይ ለውዝና ቸኮሌት የሚጨመርበት ቀዳዳ መኖሩ፣ ማማሰያው ለብቻው እንደ መለዋወጫ መሸጡና ውህዱ ሲጠጥር ሞተሩ በራሱ መቆሙ ግን ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ውህድ

ማሽኑን ለመልመድ ከቫኒላ የሚሻል የለም፤ ጉድለቱን የሚሸፍንበት ነገር ስለሌለው የማሽኑንም የሠሪውንም ችሎታ በግልጽ ያሳያል። ለ1.5 ሊትር ጎድጓዳ 375 ሚሊ ሊትር ያልተቀነሰ ወተት፣ 375 ሚሊ ሊትር ስቡ 35 በመቶ የሆነ ክሬም፣ 150 ግራም ስኳር፣ 4 የእንቁላል አስኳል፣ አንድ ቁንጥር ጨውና ቫኒላ ይዘጋጃል። ወተቱን ከግማሹ ስኳር ጋር እንፋሎት እስኪያወጣ ያሙቁት፤ አይፍላ። አስኳሉን ከቀሪው ስኳር ጋር ፈዘዝ እስኪል ይምቱና የሞቀውን ወተት በጭልፋ በጭልፋ እየጨመሩ ያዋህዱት። ወተቱ በአንድ ጊዜ ከተገለበጠበት አስኳሉ ወዲያው ይበስልና ጓል ይሆናል። ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሰው በዝግተኛ እሳት ላይ፣ የድስቱን ታች እየፋቁ፣ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ያማስሉት።

ቴርሞሜትር ከሌለ ማንኪያ ይበቃል። የእንጨት ማንኪያውን ነክረው ያውጡና ጀርባውን በጣት ይስመሩበት፤ መስመሩ ሳይዋጥ ከቆየ ደርሷል፣ ፈሳሹ ተመልሶ ከሸፈነው ትንሽ ይቀረዋል። ከ85 ዲግሪ ካለፈ አስኳሉ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ድስቱን ቀድሞ ማውረድ ይሻላል። ቀዝቃዛውን ክሬም በሌላ ዕቃ አድርገው ከላዩ ወንፊት ያስቀምጡና ትኩሱን ውህድ በእሱ ላይ ያጥልሉት። ክሬሙ መብሰሉን ወዲያው ያቆመዋል፣ ወንፊቱም ያመለጠውን ጓል ያስቀራል። ጨውና ቫኒላ የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው። ዕቃውን በበረዶ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ ካቀዘቀዙት በኋላ ወደ ፍሪጅ ያስገቡት፤ እንቁላልና ወተት ያለበትን ውህድ ከምድጃ አጠገብ ለብ እንዳለ ማቆየት ለሆድ ሕመም በር መክፈት ነው።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ውህዱ በፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን፣ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ የክሬሙ ስብ ይረጋል፣ ውህዱ ይወፍራል፣ አየርም በተሻለ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጎድጓዳው የያዘው ቅዝቃዜ የተወሰነ ስለሆነ ውህዱ 20 ዲግሪ ሆኖ ከገባ ቅዝቃዜው በረዶ ከመሥራት ይልቅ ሙቀቱን በማውረድ ያልቃል። 4 ዲግሪ ሆኖ የገባው ግን ወዲያው መርጋት ይጀምራል።

በማግስቱ ጎድጓዳውን ከማውጣትዎ በፊት ሁሉንም ነገር ያዘጋጁ፤ ማሽኑ ይሰካ፣ ማማሰያው ይቅረብ፣ ውህዱ በማንቆርቆሪያ ይሁን። ጎድጓዳውን በጨርቅ ይዘው ወደ ጆሮዎ ጠጋ አድርገው ይወዝውዙት። በግድግዳው ውስጥ ፈሳሽ ሲናጥ ከተሰማ አልደረሰምና ሳይራሩ ወደ ፍሪዘሩ ይመልሱት። ዝም ካለ ማሽኑ ላይ አስቀምጠው፣ ማማሰያው መዞር ከጀመረ በኋላ ብቻ ውህዱን በቀዳዳው ያፍስሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ውህዱ ገብቶ ማሽኑ በኋላ ከተነሳ፣ ግድግዳው ላይ በሰከንዶች ውስጥ የሚረጋው በረዶ ማማሰያውን አጣብቆ ይይዘዋል፤ ሞተሩም ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይታገላል።

መጀመሪያ ምንም የሚለወጥ አይመስልም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ውህዱ እንደ እርጎ ይሆናል፣ ከ15 በኋላ የማማሰያው ፈለግ ላዩ ላይ መታየት ይጀምራል፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ ከማማሰያው ጋር ተጠቅልሎ የሚዞር ለስላሳ ክምር ይሆናል። የሞተሩም ድምፅ ይወፍራል፤ እኔ ከሰዓቱ ይልቅ የማምነው ይህን ድምፅ ነው። ለውዝና የተከተፈ ቸኮሌት የሚጨመረው በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ነው፣ እሱም አስቀድሞ ቀዝቅዞ። ከ35 ደቂቃ በኋላ አሁንም ፈሳሽ ከሆነ ማሽኑን ያቁሙ፤ ጎድጓዳው ያለውን ቅዝቃዜ ሰጥቶ ጨርሷልና ከዚህ በኋላ መዞሩ ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ውህዱ አልተበላሸም፤ ወደ ፍሪጅ ተመልሶ የነገውን ጎድጓዳ ይጠብቃል።

ስኳር፣ ፍራፍሬና አልኮል

ስኳር በአይስክሬም ውስጥ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ከውሃው የተወሰነው ክፍል እንዳይረጋ በማድረግ አይስክሬሙን በማንኪያ የሚቆረስ ያደርገዋል። ስለዚህ በሚማስል ማሽን ስኳሩን በግማሽ የቀነሰ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው ጡብ ነው። ደግሞም ቅዝቃዜ የምላስን ጣዕም ስለሚያደነዝዝ ውህዱ ገና ሳይቀዘቅዝ ሲቀመስ ትንሽ የበዛ ጣፋጭነት ሊኖረው ይገባል። አልኮል ከስኳር ይበልጥ መርጋትን ይከለክላል፤ ለ1 ሊትር ውህድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይስክሬሙን ያለሰልሳል፣ ግማሽ ብርጭቆ ግን ጨርሶ እንዳይረጋ ያደርገዋል።

ወተት የሌለበትን፣ ከፍራፍሬና ከስኳር የሚሠራውን ሶርቤ ለመሥራት የሚያስቸግረው የፍራፍሬው ጣፋጭነት ከቀን ቀን የሚለያይ መሆኑ ነው። ለዚህ የቆየ መላ አለ። ጥሬ እንቁላል ከነልጣጩ በደንብ ይታጠብና በተፈጨውና በስኳር በተዋሃደው ጭማቂ ውስጥ ይደረጋል። ከሰጠመ ስኳሩ አንሷል፤ ተንሳፎ የአንድ ትንሽ ሳንቲም ያህል ልጣጭ ብቻ ከላይ ከታየ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ብቅ ካለ ስኳሩ በዝቷልና ውሃ ወይም ጭማቂ ይጨመራል። ይህ መላ የሚያገለግለው ለቀጭን ጭማቂ፣ ለሎሚና ለብርቱካን ነው፤ እንደ ማንጎ ባለ ወፍራም ፍራፍሬ ላይ እንቁላሉ በውፍረቱ ብቻ ስለሚንሳፈፍ አይታመንም። ማንጎ እንዲያውም በተፈጥሮው ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ሶርቤ ነው። እንጆሪ በተቃራኒው ውሃው ይበዛል፤ ከስኳር ጋር በትንሹ ቀቅለው ውሃውን ካላሳነሱት አይስክሬሙ በረዶ በረዶ ይላል። ትኩስ ፍራፍሬ ከትፎ በቀጥታ መጨመርም አያዋጣም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጥርስ የሚያስደነግጥ ጠጠር ይሆናል።

አቀማመጥና አቀራረብ

ከማሽኑ የሚወጣው አይስክሬም ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ለስላሳና ቶሎ የሚቀልጥ ነው። እንዲህ እንዳለ መብላት የሠሪው መብት ነው፤ ክብ አድርጎ ለማቅረብ ግን ቢያንስ 4 ሰዓት በፍሪዘር መጠንከር አለበት። አስቀድሞ በቀዘቀዘ፣ ጥልቀቱ ባነሰ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ሲገለበጥ ቶሎ ይጠነክራል። ላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ይከደንና ቅዝቃዜው ከማይለዋወጥበት ከፍሪዘሩ ጥልቅ ቦታ ይቀመጣል እንጂ በሩ አጠገብ አይደለም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ቀልጦ ጥቂት በረጋ ቁጥር የበረዶው ቅንጣት ያድጋል። የቤት አይስክሬም ማርጊያ፣ ማለትም ልስላሴውን ጠብቆ የሚያቆይ ተጨማሪ፣ ስለማይገባበት በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ ልስላሴው ከመጥፋቱም ሌላ በሞቀበት ጊዜ የተራባው ባክቴሪያ ቢቀዘቅዝም አይሞትም።

ለማቅረብ ዕቃውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ጠረጴዛ ላይ ከማቆየት ይሻላል፤ ጠረጴዛ ላይ ጠርዙ ሾርባ ሲሆን መሃሉ ገና ድንጋይ ነው። ማንኪያው በሞቀ ውሃ ተነክሮ፣ ውሃው በጨርቅ ተጠርጎ ይቆረስበት። ማሽን ያልገዛ ሰውም ከዚህ ደስታ አይጎድልም፤ የሎሚ ወይም የቡና ሽሮፕ በዝርግ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ በየ30 ደቂቃው በሹካ ቢፍቀው ግራኒታ ያገኛል፣ የቀዘቀዘ ሙዝ ቢፈጭም ወተት ሳይነካው አይስክሬም የሚመስል ነገር ያገኛል።

የቀረው ጎድጓዳው ነው። አይስክሬሙን ከእሱ ሲያወጡ የብረት ማንኪያ አይጠቀሙ፤ ግድግዳው ከተጫረና ፈሳሹ ካፈሰሰ ጎድጓዳው ዋጋ የለውም፣ የነካውም አይስክሬም ይደፋል። ቀዝቃዛ እንዳለ ውሃ ቢፈስበት ውሃው ላዩ ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንደ ክፍሉ ሙቀት ይሁን፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በእጅ ይታጠብ፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን አይግባ። ከታጠበ በኋላ ጭራሽ ጠብታ እስካይቀር ይድረቅ፣ ምክንያቱም የቀረችው ውሃ በረዶ ሆና በማማሰያውና በግድግዳው መካከል ትገባለች። ደርቆ በፕላስቲክ ከረጢት ከተጠቀለለ ወደ ተለካለት ቦታ ይመለስ፣ እዚያው ይክረም። ጎድጓዳው ቀዝቅዞ የተቀመጠበት ቤት ውስጥ ማታ የተዋሃደ ወተት በማግስቱ ምሳ ላይ አይስክሬም ነው።